ለሥራ ጉዞ ሆቴል በደላላ ድረ ገጽ መያዝ

እዚህ ፍራንክፈርት የማውቃቸው አበሾች ለሥራ ሲጓዙ ሆቴል የሚይዙት በቡኪንግ ዶት ኮም፣ በኤክስፒዲያ ወይም በአጎዳ ነው። ለሽርሽር ከሆነ ቅር አይለኝም። ለሥራ ጉዞ ግን አልመክርም።

አገር ቤት ደላላን በደንብ እናውቀዋለን። ቤቱን ያገናኛል፣ ኮሚሽኑን ይቀበላል፣ ጣሪያው ቢያፈስ ግን እሱን የሚጠይቅ የለም። እነዚህ ድረ ገጾችም ከሆቴሉ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ ይወስዳሉ። ስብሰባው ተራዝሞ ቀን ልቀይር ስትሉ ሆቴሉ «የያዙት በእነሱ ስለሆነ እነሱን ያነጋግሩ» ይላል፣ እነሱ ደግሞ «ሆቴሉ ካልፈቀደ ገንዘብ አንመልስም»። መሀል ላይ የምትንገላቱት እናንተ ናችሁ። ዋጋ አነጻጽሬ ነው የያዝኩት የሚል አለ፤ ቡኪንግ፣ አጎዳ፣ ፕራይስላይንና ካያክ ግን የአንድ ኩባንያ ናቸው። ሆቴልስ ዶት ኮምም የኤክስፒዲያ ነው።

ትልቁ ጣጣ ደረሰኝ ነው። ጀርመን ውስጥ የመኝታ ተጨማሪ እሴት ታክስ 7 በመቶ ነው። መሥሪያ ቤቱ ይህን ለማስመለስ ብዙ ጊዜ በራሱ ስምና አድራሻ የተቆረጠ ደረሰኝ ይፈልጋል። ገንዘቡን የተቀበለው ድረ ገጹ ከሆነ ግን ሆቴሉ «ከእርስዎ የተቀበልነው የለም» ብሎ ለክፍሉ ደረሰኝ ላይሰጥ ይችላል። አንድ ጓደኛዬ ኮሎኝ ደርሶ ሲመለስ ገንዘቡ ሳይወራረድለት ስንት ጊዜ እንደተጻጻፈ እኔ ነኝ የማውቀው። አገር ቤትስ ቲን ቁጥር የሌለበትን ደረሰኝ የሚቀበል ሂሳብ ክፍል የታለ?

የማሪዮትና የሂልተን ሆቴሎችን የደንበኝነት ነጥብ የምታጠራቅሙም እወቁት፣ በሦስተኛ ወገን ለተያዘ ክፍል በአብዛኛው ነጥብ የለም።

ወደ አዲስ አበባ ለሥራ ስትሄዱ ሌላ ነገር ይመጣል። ከአውሮፓ ማታ የሚነሳው አውሮፕላን ቦሌ የሚያርፈው ንጋት ላይ ነው፣ ክፍል የሚሰጠው ግን ከቀትር በኋላ። ስለዚህ ሰው አስቦ ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ ይከፍላል። ይህንን ለሆቴሉ በቀጥታ ካልነገራችሁ እስከ እኩለ ሌሊት ስትጠፉ አልመጣም ብለው ሙሉውን ቆይታ ሊሰርዙት ይችላሉ፤ ድረ ገጹ ላይ የጻፋችሁት ማሳሰቢያ ደግሞ ልመና እንጂ ውል አይደለም። የካቲት አካባቢ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር ሆቴሉ ይሞላል፣ ክፍል ሲጠብ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ወደ ሌላ ሆቴል የሚላከው በድረ ገጽ የመጣው እንግዳ ነው።

ማጭበርበሩንም ልጨምር። ሌቦች የሆቴሉን የድረ ገጽ አካውንት ይሰርቁና በሆቴሉ ስም፣ እዚያው በመልእክት ሳጥኑ ውስጥ «ካርድዎን በዚህ ሊንክ ያረጋግጡ» ብለው ይጽፋሉ። ስማችሁንም የምትገቡበትንም ቀን ስለሚያውቁ ለማመን ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ሊንክ አትንኩ፣ ደውላችሁ ጠይቁ።

አገር ቤት በስልክ የመያዝ ልማድ አለ፣ እኔ እወደዋለሁ። ሰው ያነሳል፣ ቀን ልቀይር ስትሉት ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀይራል። ጉድለቱ በቃል መቅረቱ ነው፤ ስልኩን ያነሳችው ልጅ ተረኛ ካልሆነች ስማችሁ መዝገብ ላይ አይገኝም። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ዋጋውን፣ ቀኑንና የምትደርሱበትን ሰዓት አጽፋችሁ ያዙ።

ለአገር ቤት ሆቴል ባለቤቶችም አንድ ነገር ልበል። እኛ ወደ ድረ ገጽ የምንሮጠው ወደን አይደለም። ኢሜይል ስንጽፍ መልስ የለም፣ የራሳችሁ ገጽ ላይ ያለው ዋጋ አሮጌ ነው፣ 15 በመቶ ታክስና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ መካተቱም አይታወቅም። ሙሉውን ዋጋ ጻፉልን፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሰው ይኑራችሁ፣ ኮሚሽኑ ለእናንተው ይቀራል።