ለካ ጌሙ ሰዓት የለውም!

አቦ ዛሬ ልተንፍስ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ኢቪ የምትባል የፖኬሞን ጌም ፍጥረት ይዤ ስዞር ከርሜ እውነቱን ያወቅኩት ትናንት ማታ ነው። «ሥራ ፈት ነህ» የምትሉ ካላችሁ ወደ ታች ውረዱና ሌላ ነገር አንብቡ። ፖኬሞን የማታውቁ ግን ቆዩ፣ ብሶት ስለሆነ ይገባችኋል።

ነገሩ ገና ከመጀመሪያው ነው የተበላሸው። ስልኬ ላይ ፋየርሬድ የሚባለውን የፖኬሞን ጌም በኢሙሌተር፣ የድሮ ጌም በሚያጫውት አፕ፣ ጫንኩ። በፈረንጅ 2004 የወጣው፣ የ1996ቱን የጃፓን ጌም አሳምሮ የደገመው። ገና ስትጀምር አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ሦስት ኳስ፣ እያንዳንዱ ውስጥ አንድ ፖኬሞን ያለበት፣ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ «ምረጥ» ይልሃል። ባልባሶር ቅጠል፣ ቻርማንደር እሳት፣ ስኩዋርትል ውሃ። መመለስ የለም። ኧረ ለትዳር እንኳን ሽማግሌ ይላካል፣ ዘመድ ይጠየቃል፣ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል! እዚህ ግን ስሙን እንኳን በቅጡ ሳታነብ መረጥክ፣ አለቀ።

እኔ ቻርማንደርን ወሰድኩ። ለምን? ሲያድግ ክንፍ ያወጣል፣ እሳት ይተፋል፣ ያምራል። በቃ ሌላ ምክንያት የለኝም። የመጀመሪያው የጂም (የውድድር ቤት) አለቃ ብሮክ የድንጋይ፣ ሁለተኛዋ ሚስቲ የውሃ መሆኗን ማንም አልነገረኝም። ድንጋዩ እሳቴን ደቆሰው፣ ውሃው አጠፋው። ባልባሶር የወሰደ ሰው ሁለቱንም እንደ ሙሸበክ ነው የሚበላቸው። የኔው ቻርማንደር ሌቭል 13 ሲደርስ የብረት ጥፍር ያወጣና ድንጋዩን መቧጨር ይጀምራል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ጫካ ገብተህ ትል ስትደበድብ ትውላለህ። ትል! ያውም በድሬ ከሰዓት፣ ስልኩ እጄ ላይ እንደ ምጣድ ግሎ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ማራገቢያው አፉን ከፍቶ እያየኝ።

በዚያ ላይ ባልባሶር የመጨረሻ ቅርጹን የሚይዘው 32 ላይ ነው፣ የኔው እስከ 36 ያስጠብቃል። 36 የደረሰ ዕለት ስልኩን ለታናሽ እህቴ ሰጥቼ ውሃ ልጠጣ ገባሁ። ስመለስ «እንግዳ ነገር ማብረቅረቅ ጀምሮ ነበር፣ የተበላሸ መስሎኝ አቆምኩት» አለችኝ። ቢ የምትባለውን ቁልፍ ተጭናለች። ቢ ኢቮልቭ ማድረጉን፣ ወደሚቀጥለው ቅርጽ መለወጡን ማለቴ ነው፣ ታስቆመዋለች። ምን እላታለሁ? አቦ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ለኔ አስባ ነው። ሌላ አንድ ሌቭል ለመጨመር ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

አሁን ወደ ኢቪ። ኢቪ ትንሽ ቡናማ ነገር ናት፣ ቀበሮም ድመትም የምትመስል። ሴላዶን የሚባል ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት አለ፣ ጣሪያው ላይ ካለችው ክፍል ነው የምትገኘው። በጌሙ ሙሉ አንድ ብቻ ናት። እዚያው ከተማ ካለው ትልቅ ሱቅ ድንጋይ ገዝተህ ትለውጣታለህ፣ አንዱ 2100። የውሃውን ከሰጠሃት ቬፖሪየን፣ የመብረቁን ከሰጠሃት ጆልቲየን፣ የእሳቱን ከሰጠሃት ፍላሪየን ትሆናለች። ገንዘቡ ነበረኝ፣ ሱቁም በር ላይ ነበርኩ። ያኔ ገዝቼ ብሄድ ኖሮ ይሄን አልጽፍም ነበር።

ግን ሌላዋን የኢቪ ቅርጽ፣ አምብሪየንን፣ አየኋታ! ጥቁር፣ ቢጫ ቀለበት ያለባት፣ ዓይኗ ቀይ። ሳያት ልቤ ሄደ። መመሪያ ፈልጌ አነበብኩ፦ ድንጋይ አያስፈልግም፣ ኢቪ እንድትወድህ አድርግ፣ ከዚያ ማታ ሌቭል ስትጨምር አምብሪየን ትሆናለች። በነፃ! መውደዷ የሚጨምረው አብረሃት ስትራመድና ሌቭል ስትጨምር ነው፣ ውጊያ ላይ ከወደቀች ይቀንሳል። እሺ፣ እንከባከባታለሁ አልኩ። ወላሂ ለሰው እንደዚያ ተንከባክቤ አላውቅም። አንድ መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ፣ ከሳቢያን እስከ ከዚራ በእግሬ ብሄድ ይሻለኝ ነበር።

መመሪያው «ማታ ከ6 ሰዓት ጀምሮ» ይላል። እኔ ደግሞ የኛን 6 ሰዓት መስሎኝ እኩለ ሌሊት እጠብቅ ጀመር! በሙቀቱ አልጋችንን ግቢ አውጥተን ነው የምንተኛው፤ ሁሉም ተኝቶ እኔ አጎበር ውስጥ በስልክ ብርሃን ቁጭ። አንድ ሌሊት እማዬ ነቃች።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ሌሊት ከማን ጋ ነው የምታወራው?»

«ከማንም እማዬ፣ ኢቪን እያሳደግኩ ነው።»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «የማን ልጅ ናት?»

ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው 6 ሰዓት የተባለው በፈረንጅ መሆኑ የገባኝ፣ በኛ 12 ሰዓት። እንግዲህ ከእራት በፊት ይቻል ነበር ማለት ነው። ተናደድኩ፣ ግን ደስም አለኝ፣ ችግሩን አገኘሁት ብዬ። ከዚያ በ1 ሰዓት ሞከርኩ፣ በ2 ሰዓት ሞከርኩ። የስልኩን ሰዓት ራሱ ቀይሬ ሞከርኩ፣ በነጋታው አላርሙ ሳይጮህ ቀርቶ ሥራ አረፈድኩ። ኢቪ 25 ሆና ነው የተሰጠችኝ፣ 41 አድርሻታለሁ። 41! አሁንም ያቺው ትንሽ ቡናማ ነገር። የሌላው ሰው ጆልቲየን መብረቅ ሲያወርድ የኔዋ ጅራቷን ትወዘውዛለች።

ትናንት አንድ የሚያውቅ ሰው ጠየቅኩ። የመለሰልኝ በአንድ መስመር ነው፦ «ፋየርሬድ ውስጥ እኮ ሰዓት የለም።»

የለም! ጌሙ ቀንና ሌሊት አይለይም። ያነበብኩት መመሪያ የጎልድና የሲልቨር፣ የሌሎቹ የፖኬሞን ጌሞች፣ ነበር። አስቡት፣ በ1999 የወጣው ጌም መሽቷል ነግቷል ያውቃል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣው አያውቅም። እኔ ሦስት ሳምንት ማታውን ስጠብቅ እሱ ጋ መቼም መሽቶ አያውቅም። አምብሪየን ከፈለግክ ሌላ ጌም ላይ አሳድገህ በትሬድ፣ በልውውጥ፣ አምጣት ተባልኩ። የሌሊት ወፌ ጎልባት እንኳን ለካ በዚሁ ዓይነት ጣጣ ነው ሌቭል በጨመረ ቁጥር ማብረቅረቅ ጀምሮ መሃል ላይ የሚተወው። ሊጉን፣ የመጨረሻውን ውድድር፣ ካልጨረስክና 60 ዓይነት ፖኬሞን ይዘህ ሰፊውን የፖኬሞን መዝገብ ካልተቀበልክ መለወጥ አይፈቀድለትም። ታዲያ ለምን ትጀምረዋለህ አቦ? ለምን ታጓጓኛለህ?

ማጂካርፕን አላነሳም። አንድ ሰውዬ ዓሣ በ500 ሸጠልኝ፣ ዓሣው መንጨርጨር ብቻ ነው የሚችለው። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ገብቼ እንደዚያ ተበልቼ አላውቅም። ቢሆንም 20 ላይ ጋያራዶስ ስለሚሆን ሰውየውን ይቅር ብዬዋለሁ።

ይቅር ያላልኩት ትሬድን ነው። ካዳብራ፣ ማቾክ፣ ግራቭለር፣ ሃውንተር፣ እነዚህ አራቱ ብቻህን የፈለገውን ያህል ብትደክም የመጨረሻው ላይ አይደርሱም። ለሌላ ሰው መስጠት አለብህ፣ እጁ ሲገቡ ይለወጣሉ። ያኔ ጃፓን ያለ ልጅ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ጓደኛ ነበረው፣ በኬብል አገናኝቶ ይለዋወጥ ነበር። እኔ ድሬ ውስጥ ማንን ላግኝ? ሰፈር ያሉት ሁሉ ኳስ ጌም ነው የሚጫወቱት። አንዱን ብጠይቀው «ስንት ጎል ያገባል?» አለኝ።

ያለኝ አንድ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ሐረር። ሁለታችን አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን ስላለብን ካዳብራዬን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደንገጎን ወጥቼ፣ በዚያ ጥምዝምዝ ሆዴ ተገለባብጦ፣ ለአንድ ስልክ ውስጥ ላለ ነገር! ይቺን ካዳብራ ያገኘሁት እንዴት እንደሆነ ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው። ካዳብራ ከመሆኑ በፊት፣ «አብራ» የሚባለው ፖኬሞን ሆኖ ሳለ፣ ገና ሲያይህ ነው የሚሰወረው፣ ሃያ ጊዜ አምልጦኛል። ብቻ ላክሁለት። እሱ ስልክ ላይ አብረቀረቀና አላካዛም ሆነ፣ ሁለት ማንኪያ ይዞ ቆመ። ሁለታችንም ጮህን። አክስቴ ምን ሆናችሁ ብላ ከማዕድ ቤት ሮጣ መጣች።

«በል መልስልኝ» ስለው ጀመረኛ። «ትንሽ ልያዘው፣ አንድ ጂም ብቻ ላሸንፍበት፣ እሑድ እመልሳለሁ።» አክስቴ ፊት ምን ልል? «እሺ» አልኩ። እሑድ አለፈ። ሌላም እሑድ አለፈ። ስደውል «ኔትወርክ የለም»፣ ስጽፍ ዝም።

ትናንት ማታ፣ የኢቪ ጉድ በተነገረኝ በዚያው ሌሊት፣ ራሱ ደወለ።

«ስማ፣ ያንተ ነገር ተበላሽቷል። ትእዛዝ ስሰጠው እምቢ ይላል። ተዋጋ ስለው ይተኛል።»

ልጁ ያለው ሦስት ባጅ (የጂም አለቃ ስታሸንፍ የሚሰጥህ ምልክት) ነው። በሦስት ባጅ ከሌላ ሰው የመጣ ፖኬሞን የሚታዘዝህ እስከ 30 ሌቭል ብቻ ነው፣ አላካዛሜ 38 ነው። ይሄን እኔ አውቅ ነበር፣ እሱ አያውቅም። በዚያ ሁሉ ንዴት መሃል ሳቄ መጣ።

«ይተኛል ነው ያልከኝ?»

«ወላሂ፣ መሃል ውጊያ ላይ!»

የድሬ ልጅ ነዋ፣ ከሰዓት ላይ ማን ይቀሰቅሰዋል። አርብ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ እስከዚያ እንዳትነካው አልኩት።