«የቤታችን ነው» ምን ማለት ነው?

ትናንት ማታ ሁለት ድስት ጎን ለጎን ጥጄ ነበር። በአንዱ ፋብሪካው ስሙን የጻፈበት መኮሮኒ፣ በሌላው የሱፐርማርኬቱ አርማ የተለጠፈበት መኮሮኒ። ውሃው እኩል፣ ጨው እኩል፣ ሰዓቱ እኩል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ የፋብሪካው ቅርጹን ይዞ ይታያል። የሱፐርማርኬቱ ግን እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ውሃው አጥሚት መስሏል። ልጄ አንዴ ጎረሰና «እማ፣ ይሄ ገንፎ ነው?» አለኝ።

ሱፐርማርኬቱን በስም አልጠራም። ጎንደር ላይ እንተዋወቃለን። ደግሞ እንዲህ የሚያደርገው እሱ ብቻ አይደለም። ግን ዛሬ ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ መደርደሪያው ላይ የቤቱ፣ ማለትም የሱፐርማርኬቱ የራሱ ስቲከር ያለባቸው ዕቃዎች በዙ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር ክክ፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ ላርጎ፣ በረኪና። መጀመሪያ ሳያቸው ደስ ነው ያለኝ። እውነቴን ነው። እኛ እኮ ለስም ብዙ ነው የምንከፍለው። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሁሉ ኦሞ ነው። የጥርስ ሳሙና ሁሉ ኮልጌት። የሕፃን ዳይፐር ሁሉ ፓምፐርስ። «ኦሞ ስጠኝ» ስትሉት ባለሱቁ «የትኛውን ኦሞ?» ይላችኋል። ስሙ ምላሳችን ላይ እስኪቀመጥ ድረስ የተከፈለው የማስታወቂያ ገንዘብ መጨረሻ የሚወጣው ከእኛው ኪስ ነው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ «ያንን ሁሉ ወጪ ትቼ በራሴ ላስቲክ ላሽግ፣ በርካሽ ልሽጥ» ቢል ከልቤ አመሰግነዋለሁ። ፈረንሳይ ውስጥ ካርፉር እ.ኤ.አ. በ1976 የታወቀ ስም የሌላቸው ዕቃዎችን መደርደር ሲጀምር ሐሳቡ ይኸው ነበር። ስሙ ይቅር፣ ዋጋው ይቀንስ።

የእኔ ጠብ የጀመረው ሽሮው ላይ ነው።

ሁለቱ ሽሮዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የፋብሪካው 280 ብር፣ የቤቱ 250 ብር። ሠላሳ ብር ለእኔ የደርሶ መልስ የባጃጅ ሒሳብ ነው። የቤቱን አነሳሁ። ቤት ስደርስ ላስቲኩ እጄ ላይ ቀለለኝ። ገልብጬ ብፈልግ ብፈልግ፣ ከታች ጥግ ላይ ጉንዳን በሚያካክል ፊደል «850 ግ» ይላል። የፋብሪካው ሙሉ ኪሎ ነው! ስልኬን አውጥቼ አካፈልኩ። የቤቱ ሽሮ በኪሎ 294 ብር ሆነ። ረከሰልኝ ብዬ የገዛሁት በኪሎ 14 ብር ተወድዶብኛል።

በዚህ ላይ ኬክ የምትጋግር ጎረቤቴ የወጥ ቤት ሚዛን አላት። ሽሮውን ይዤ ሄድኩ። ከነላስቲኩ 832 ግራም። ደግመን መዘንነው። 832። የፋብሪካውን አመጣሁ፣ ከነላስቲኩ 1 ኪሎ ከ8 ግራም። እንግዲህ የቤቱ ሽሮ ኪሎው ከ300 ብር አለፈ ማለት ነው። ጎረቤቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። እሷም ያንኑ ሽሮ ነበር ስትገዛ የከረመችው።

ጎንደር ተወልዳችሁ ሽሮ ከሱቅ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እናቴ ይህን ብትሰማ ታዝናለች። እሷ ሽምብራውን ለቅማ፣ አጥባ፣ ቆልታ፣ ከክታ፣ ኮረሪማውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ በሶብላውን፣ ጥቁር አዝሙዱን መጥና ነው ወፍጮ ቤት የምትልከው። እኔ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነኝ። የምኖረው የኪራይ ቤት ነው፣ እህል የማሰጣበት ግቢ የለኝም። እንደ እኔ ያለው ብዙ ነው። ሽሮ የምንገዛው አምነን ነው።

ታዲያ የቤቱ ስቲከር ምን ይላል? «ምጥን ሽሮ» ይላል። አለቀ። ከምን? ከሽምብራ? ከአተር? ከባቄላ? ወይስ ጓያ አለበት? ጓያ እንደሚቀላቀል፣ ዋጋው ከሽምብራ ስለሚያንስ እንደሚጨመር፣ ሽሮ የሚነግድ ሁሉ ያውቀዋል። ጓያን አልሰድብም። ዝናብ ሲጠፋና ሌላው ሰብል ሲከዳ ገበሬው እጅ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግር እንደሚያሽመደምድ የደምቢያና የፎገራ ሰው አሳምሮ ያውቃል። ሽሮ ውስጥ ጥቂት መግባቱ ከዚያ ጋር አንድ ነው አላልኩም። ግን ለልጄ የማበላውን ልወቅ! ካለበት አለበት በሉኝ። ከሌለበት የለበትም በሉኝ።

መኮሮኒውም እንደዚያው ነው። ጥሩ መኮሮኒ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ነው። ሲፈጭ ብጫ ሆኖ ይሻክራል፣ ሲቀቀል አይፈርስም። ከለስላሳው የዳቦ ስንዴ ሲሠራ ግን ውስጡ ያለው ስታርች ወደ ውሃው ይወጣል፣ ይጣበቃል። የፋብሪካው ላስቲክ ላይ ዱረም መሆኑ ተጽፏል። የቤቱ ላይ «አንደኛ ደረጃ» ተብሏል። በማን ምዘና ነው አንደኛ የወጣው?

ፍትሐዊ ልሁን። ሩዙ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ቀቅዬው ሽታውን ሳውቀው የፎገራ ሩዝ መሆኑን ጠረጠርኩ። በማግስቱ ዕቃ የሚደረድረውን ልጅ ጠየቅኩት። «አዎ እትዬ፣ ከወረታ ነው የምናመጣው» አለኝ። ከውጭ ከሚመጣው ባለስም ሩዝ ጋር ሲነጻጸር ይሰባበራል፣ ትንሽም ይያያዛል። ለእኛ ወጥ ግን የሚመቸው እሱ ነው፣ ዋጋውም በእርግጥ ያነሰ ነው። ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፣ አልጎደለም። እንግዲህ ይህን ለምን አትጽፉበትም? ፎገራ የሩዝ አገር ነው። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው እዚያ ነው። የጎረቤታችንን ገበሬ ላብ ስሙን ደብቆ መሸጥ ምን ይባላል? የሚያኮራውንም የሚያሳፍረውንም በአንድ ስቲከር ሸፍነውት ገዢው በምን ይለየው?

በረኪናው ነጠላዬን በደንብ ነው ያነጣልኝ፣ ከባለስሙ ምንም ልዩነት አላየሁበትም። ላርጎው ግን ውሃ ነው። በቀን ሦስቴ መቅዳት ከጀመርኩ ምኑን ቆጠብኩ?

ቅዳሜ ዕለት ባለቤቱን ራሱን አገኘሁት። ትልቅ ሰው ነው፣ በአክብሮት ነው ያነጋገርኩት።

«ጋሼ፣ ይህን ሽሮ የሚያዘጋጅላችሁ ማነው?»

«የቤታችን ነው እህቴ፣ አትጠራጠሪ።»

«ከምን ከምን ነው?»

«ከጥሩ እህል ነዋ!»

«ግራሙስ?»

«እሱማ ጀርባው ላይ ተጽፏል እኮ።»

የቤታችን ነው። ይህን ቃል ገንዘብ ተቀባይዋም ትለዋለች፣ ዕቃ የሚደረድረው ልጅም ይለዋል። እነሱ ግን ሽሮ አይፈጩም። መኮሮኒ አያመርቱም። ከሌላ ቦታ በጆንያ መጥቶ ከኋላ ክፍል በላስቲክ የሚታሸግ ነው፣ ሲያሽጉ በበሩ ክፍተት አይቻለሁ። ማሸጉ ነውር አይደለም። ከማን እንደመጣ አለመናገሩ ነው የሚያንገበግበኝ። የፋብሪካው ዕቃ ቢበላሽብኝ ላስቲኩ ላይ አድራሻ አለ፣ ስልክ አለ። ደውዬ ልጮህ እችላለሁ። የቤቱ ዕቃ ልጄን ቢያመው ለማን ነው የምደውለው?

ሕጉ እኮ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ፣ ዕቃው ላይም መጠኑን፣ የተሠራበትንና የሚያበቃበትን ጊዜ እንዲጽፍ ያዛል። የሽሮው ላስቲክ ላይ የታሸገበት ቀን የለም። ፈለግኩ፣ ጎረቤቴም ፈለገች፣ የለም። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ መመሪያ መሠረት ከዕቃው ዋጋ አጠገብ የኪሎው ወይም የሊትሩ ዋጋም ይለጠፋል። ገዢው ስልክ አውጥቶ አያካፍልም። የእኛ መደርደሪያ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ለመለጠፍ ምን ያህል ቀለም ይጨርሳል?

ለፋብሪካዎቹ ጥብቅና የቆምኩ እንዳይመስላችሁ። የእነሱንም ጉድ አይተናል። የልብስ ሳሙናው በየዓመቱ እየሳሳ፣ ብስኩቱ ከአንድ ፓኬት እየቀነሰ፣ ዋጋው ወደ ላይ ሲወጣ ዝም ብለን ከፍለናል። እነሱን ስሸሽ እኮ ነው የቤቱን ያነሳሁት።

በጣም ያቃጠለኝ ግን የራሴ 14 ብር አይደለም። ቀበሌ 18 የምትኖር አክስት አለችኝ። በጡረታ ነው የምትኖረው። ዓይኗ ደክሟል፣ ጥቃቅን ፊደል አታነብም። ሱፐርማርኬት ስትገባ የምታየው ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው። 280፣ 250። ሁልጊዜ 250 ያለውን ታነሳለች፣ «ተመስገን፣ ቀለል ያለ መጣልን» እያለች። ባለፈው እሁድ ቤቷ ሄጄ ሦስት ላስቲክ ሽሮ ተደርድሮ አየሁ። ልነግራት አፌን ከፈትኩና ቡናው እስኪፈላ መልሼ ዘጋሁት። ሦስተኛው ሲኒ ላይ ነገርኳት። ላስቲኩን አነሳች፣ ወደ መስኮቱ አስጠጋች፣ ገለበጠችው። «የቱ ጋ ነው የተጻፈው ልጄ?» አለችኝ። ጣቷን ይዤ ቁጥሩ ላይ አስቀመጥኩላት።

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ ካነበቡት፣ ስቲከርዎ ላይ ከአርማው በታች ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ለክቼዋለሁ። ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንዳዘጋጀው፣ መቼ እንደታሸገ፣ ኪሎው ስንት እንደሆነ እዚያ ይገባል። አክስቴ እንድታነበው አድርገው በትልቁ ይጻፉት።