አንበሳው ተኝቷል፣ የሚባዝነው ሰው ነው

ከናይሮቢ ዊልሰን አየር ማረፊያ ተነስቶ የኬንያ የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ በሆነው ማሳይ ማራ ድንኳን ውስጥ ሊያድር የተነሳ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው አንበሳ ሳይሆን ሚዛን ነው። በትንሿ አውሮፕላን የሚፈቀደው 15 ኪሎ ነው፤ ያውም ካሜራው ተደምሮ፣ በሚታጠፍ ለስላሳ ቦርሳ። ደረቁ ባለጎማ ሻንጣ የአውሮፕላኗ ሆድ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ መንገደኛው ሦስት ሹራብ ደርቦ፣ ኪሱን በባትሪና በቻርጀር ነፍቶ፣ ላብ እያጠመቀው ይሳፈራል። በረራው ከሦስት ሩብ ሰዓት ብዙም አይዘልም ይባላል። አውሮፕላኗ ግን እንደ ታክሲ በየሜዳው «ወራጅ አለ» እያለች ትቆማለችና የሚወርድበትን ሜዳ ስም ያልያዘ ሰው የሌላ ካምፕ እንግዳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ልብሱ ካኪ ነው። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ የቆላ ዝንብ ይጠራል። ምክንያቱ ይህ ቢሆንም ሁሉም ካኪ ለብሶ ሲሰለፍ ጎብኚ ሳይሆን አዲስ የተቀጠረ የጥበቃ ኃይል ይመስላል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። የፓርኩ ትኬት የሚያገለግለው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር የውጭ አገር ሰው 200 ዶላር ይከፍልበታል። ቀንሳችሁ ድረሱበት! አንዱ ሾፌር በሬዲዮ «አንበሳ» ሲል ግን መኪናው ሁሉ አቧራውን እያጨሰ ይተማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚህ በናፍጣ ይሠራል። ደንቡ አንድ እንስሳ ዘንድ ከአምስት መኪና በላይ እንዳይቆም ስለሚል፣ ስድስተኛው መኪና ራቅ ብሎ በሩቅ ማሳያ መነጽር አምስቱን መኪኖች ይጎበኛል።

ካምፕ ሲገባ ሻወሩ ባልዲ ነው። ሰዓቱን ቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ሠራተኛው ከውጭ ሙቅ ውሃ ሞልቶ ወደ ላይ ይሰቅለዋል። መርጠብ፣ መዝጋት፣ ሳሙና መቀባት፣ ከዚያ ከፍቶ መለቅለቅ። ውሃውን ከፍቶ የሚዘፍን ሰው ዘፈኑን ሳይጨርስ ባልዲው ያልቅበታል፤ ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ እንዳለ «ውሃ!» ይላል። የድንኳኑን ዚፕ ደግሞ እስከ ጥጉ መዝጋት ነው። ብስኩት ካለ ጦጣ ዚፕ መክፈት አያቅታትም፤ የጥርስ ሳሙናም አትንቅም።

እራት ላይ ደረጃ ይወጣል። ነብር ያየ ከጠረጴዛው ራስ ይቀመጣል፤ ቀጭኔ ብቻ ያየ ሾርባውን አቀርቅሮ ይጠጣል። «አምስቱ ታላላቆች» (አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽና አውራሪስ) የሚባለው ዝርዝር በእግር ለማደን አደገኛ የሆኑትን እንስሳት የቆጠሩ አዳኞች ያወጡት እንጂ የቁንጅና ውድድር አለመሆኑን የሚነግረው የለም።

ከእራት በኋላ ያለ ዘበኛ መራመድ ክልክል ነው፤ ጉማሬና ጎሽ በድንኳኖቹ መካከል ይግጣሉ። እንግዳው ተሸኝቶ ይገባል፣ ዚፑን ይዘጋል፣ እግሩን ከብርድ ልብሱ ስር ሲዘረጋ ለስላሳና ሞቃት ነገር ይነካዋል። ሠራተኛው ለብርዱ ያስቀመጠለት የጎማ ሙቅ ውሃ መያዣ ነው። ዘበኛው ጩኸቱን ሲሰማ አይሮጥም፤ ዛሬ አዲስ እንግዳ የገባው የትኛው ድንኳን እንደሆነ ያውቃል።