ጀርባ ለመሠዊያው፣ ፊት ለስልኩ

ጎብኚን መውቀስ ፋሽን ሆኗል። ቆሻሻ ይጥላል፣ ዋጋ ያስወድዳል፣ የረገጠውን ሁሉ ያረክሳል የማይል የለም፤ የሚያመሰግነው ግን ታጣ። ይህ ግፍ አንገብግቦኝ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ለአንድ ታላቅ ሰው ነው፤ በዛንዚባር አሮጌው የድንጋይ ከተማ፣ ምኩናዚኒ ሠፈር ባለው የአንግሊካን ካቴድራል ውስጥ ስልኩን በረጅም ዘንግ ላይ ሰክቶ፣ ከንፈሩን አሹሎ ለቆመው ወገናችን። አንድ ሰው ቢሆን ስሙን ጠርቼ አመሰግነው ነበር፤ ብዙ በመሆኑ በጅምላ ይድረሰው። ለክብሩም ስል ከዚህ በኋላ አንቱ እለዋለሁ።

ጎብኚያችን ለዝርዝር ጊዜ ስለሌላቸው ቦታውን እኔ ላስተዋውቅ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በዚሁ ነው) እስከ 1873 ድረስ እዚያ የነበረው ገበያ ነው፤ የሚሸጠውም ሰው ነው። ከኒያሳ ሐይቅ ዳርቻና ከታንጋኒካ ሐይቅ አካባቢ በሰንሰለት እየተነዱ፣ ከዚያም በጀልባ ታጭቀው የመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዕድሜና በቁመት እየተሰለፉ ለገዢ ይቀርቡ ነበር። በዚያው ዓመት የዛንዚባሩ ሱልጣን ባርጋሽ የእንግሊዝ መርከቦች ደሴቲቱን እንከብባለን ብለው ሲዝቱባቸው ገበያውን ዘጉ። የአንግሊካን ሚሲዮናውያንም ቦታውን ይዘው የመሠረት ድንጋይ ጣሉበት። ሥራውን የመሩት በኋላ ጳጳስ የሆኑት ኤድዋርድ ስቲር ናቸው፤ አዲስ ኪዳንን ወደ ስዋሂሊ የመለሱ፣ ለቋንቋውም መማሪያ መጽሐፍ ያዘጋጁ ሰው። ሕንፃውን ከኮራል ድንጋይ አነጹት። ቅስት ጣሪያውንም ያለ አንዳች ምሰሶ ደፉት፤ ይወድቃል የተባለው ጣሪያ እስከ ዛሬ አልወደቀም። መሠዊያው የቆመው ሰዎች ታስረው ይገረፉበት በነበረው ዛፍ ቦታ ላይ መሆኑ ይነገራል። ከፊቱ ወለሉ ላይ ነጭ እብነ በረድ በክብ ተነጥፏል፤ ዙሪያው ቀይ ነው፤ ለፈሰሰው ደም።

ጎብኚያችን ክቡን ወዲያው አዩት። ምን ዐይን ነው! መሃሉ ላይ ገብተው፣ እግሮቻቸውን ገጥመው፣ ጀርባቸውን ለመሠዊያው ሰጥተው ቆሙ። ባለቤታቸው «ትንሽ ወደ ግራ፣ ቀዩ እንዲታይ» አሏቸው። ቀዩ ታየ።

እኚህ ሰው ሀገር ቤት ሌላ ሰው ናቸው። ደጀ ሰላሙን ሳይሳለሙ አያልፉም፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ አይገቡም። መጋረጃው ሲገለጥ መሬት መሬት ያያሉ እንጂ ወደ መቅደሱ ማማተርን እንደ ድፍረት ይቆጥሩታል። አንድ ፈረንጅ ላሊበላ ላይ በቅዳሴ ሰዓት ካሜራ ቢደግን በመጀመሪያ የሚቆጡት እርሳቸው ናቸው፤ ቁጣቸውም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ፈሪሃ እግዚአብሔር ኪሎ ስለሚጨምር ቦሌ ላይ ከሻንጣው ተቀንሶ ቀርቷል። ደግሞስ የሰው ሀገር ታቦት የለበት፤ ማን ይቀሥፋቸዋል?

አስጎብኚው ደከመኝ ሳይል ያስረዳል። መግቢያው አጠገብ ካሉት ዓምዶች አንዳንዶቹ ተገልብጠው ነው የቆሙት። ስቲር በሌሉበት ሠራተኞቹ ላዩን ታች፣ ታቹን ላይ አድርገው አቆሟቸው፤ ጳጳሱም ሲመለሱ ይሁን ብለው ተዉት ይባላል። ከጉብኝቱ ሁሉ ጎብኚያችን ሙሉ ጆሯቸውን የሰጡት ለዚህ ብቻ ነው። ሳቁ፤ ስልካቸውንም ገልብጠው ቀረጹ። ቀጥሎ የታያቸው መስቀል ግን ዕድለ ቢስ ነበር። ስኮትላንዳዊው ሚሲዮናዊና አሳሽ ዴቪድ ሊቪንግስተን በ1873 በዛሬዋ ዛምቢያ ቺታምቦ መንደር ሲያርፉ አብረዋቸው የነበሩት አፍሪካውያን ልባቸውን ከአንድ ዛፍ ሥር ቀበሩ፤ ሬሳቸውን አድርቀው፣ ተሸክመው፣ ወራት በእግር ተጉዘው ባሕር ጠረፍ አደረሱ። መስቀሉ የተሠራው ከዚያ ዛፍ እንጨት ነው። ይህ ተሸካሚዎቹ የፈጸሙት ነገር ለእኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ይበልጥብኛል፤ ጎብኚያችን ግን «እዚህ ጋ ብርሃኑ አይመችም» ብለው አለፉት።

ብርሃን የሚመች ውጭ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ በአንገታቸው የተጠፈሩ አምስት ሰዎች ቆመዋል፤ በ1998 ስዊድናዊቷ ቀራፂ ክላራ ሶርናስ የሠራችው መታሰቢያ ነው። ሰንሰለቱ የዘመኑ፣ የእውነቱ ሰንሰለት እንደሆነ ይነገራል። ጎብኚያችን መውረድ ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቁ፤ አይፈቀድም ሲባሉ ቅር ቢላቸውም አልጨቀጨቁም፤ ትሕትናቸውን ልብ ይሏል። ጠርዙ ላይ ተንበርክከው፣ አምስቱን ከኋላ አሰልፈው ተነሡ። በፎቶው ላይ ፈገግ ያሉት እርሳቸው ብቻ ናቸው። አምስቱ ፎቶ መነሣት አያውቁበትም።

ምድር ቤቱም አለ። ባሮቹ እስከሚሸጡ ድረስ የታጎሩባቸው ናቸው እየተባሉ የሚታዩ ጠባብ ክፍሎች ናቸው። ክፍሎቹ የተሠሩት ከገበያው በኋላ ነው የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ፤ ክርክሩ ይቀጥል። ጎብኚያችን በእንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ አይገቡም፤ ወደ ክፍሉ ግን ገቡ። ጣሪያው እጅግ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ሳይሉ አይቻልም። በዚያ ጉዞ አንገታቸውን የደፉት እዚያ ብቻ ነው፤ እሱንም ጣሪያው አስገድዷቸው።

ወደ ታላቁ ንግግራቸው ልምጣ። አስጎብኚው ከየት እንደመጡ ቢጠይቃቸው ደረታቸውን ነፍተው «ከኢትዮጵያ! እኛ አልተገዛንም!» አሉት። ምስኪኑ አስጎብኚ ሊነግራቸው የሚችለው ነገር ነበር። ያንን ገበያ የዘጉት የሱልጣን ባርጋሽ እናት ሐበሻ ነበሩ። ከእኛው ወገን ተወስደው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በባርጋሽ አባት በሱልጣን ሰዒድ ቤተ መንግሥት ቁባት የሆኑ ሴት። በዚያ ቤተ መንግሥት እርሳቸው ብቻቸውን አልነበሩም፤ ሐበሾች ከካውካሰስ ከመጡት ቸርከሶች ጋር ሆነው የሱልጣኑን ልጆች ወልደዋል። እነዚያ ሴቶች በቱሪስት ቪዛ አልሄዱም። ከመንደራቸው አፍኖ እስከ ባሕሩ የነዳቸው፣ በየኬላው ቀረጥ ያስከፈለባቸው፣ ለነጋዴ ያስረከባቸው ሰው ደግሞ እንግሊዝኛም ፖርቱጋልኛም አይናገርም ነበር። አስጎብኚው ይህን ሊል አፉን ከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ጎብኚያችን ግን ዐድዋን ጀምረውለት ነበር። ዐድዋን ደግሞ አያቋርጡትም፤ እኔም አላቋርጥም።

ከዐድዋ በኋላ ተራው የእንግሊዞች ሆነ። «ምንም ይሁን እነሱ ናቸው ነፃ ያወጧቸው» አሉ ጎብኚያችን፣ ወደ ማማው እያዩ። ለጋስ ልብ! እርግጥ ነው ገበያው በ1873 ተዘግቷል። እንግሊዝ ዛንዚባርን በ1890 በጥበቃዋ ሥር ስታደርግ ግን ባርነት በሕግ የጸና ነበር፤ የተነሣውም በ1897 ነው። ቁባቶቹ ደግሞ እስከ 1909 መጠበቅ ነበረባቸው። ለምን ቢባል፣ የቅርንፉዱን ዛፍ የሚለቅመው ማን ሊሆን ነው? ጳጳሱ መሠዊያውን በመግረፊያው ዛፍ ቦታ ላይ ሲያቆሙ፣ በዚያው ደሴት እርሻዎች ላይ ባሪያው ባሪያ ነበር። እንዲያም ሆኖ በዚህ ጉዳይ ዛንዚባር ቀድማናለች፤ ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ቃል ገብታ፣ ባርነትን ጨርሶ የሻረውን አዋጅ ያወጣችው በ1942 ነው። በጎብኚያችን አያት ዘመን ማለት ነው። በእርሳቸው ፊት እንዲህ ያለውን ዓመተ ምሕረት መቁጠር ግን ነውር ስለሆነ፣ በጽሑፍ ብቻ አልኩት።

የሰዓቱ ነገርም አለ። ዛንዚባሮች ስዋሂሊ ሲነጋገሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት እዚያም አንድ ሰዓት ነው። ሐበሻ አገር አቋርጦ ሄዶ ሰዓቱን ሳይለውጥ የሚግባባበት ስንት ቦታ አለ? ጎብኚያችን ይህን የሰሙት የሆቴሉን አስተናጋጅ «እንግሊዝኛ ሰዓት እንኳ አታውቅም!» ብለው ከተቆጡ በኋላ ነው።

የግቢውን ኤግዚቢሽን ስለዘለሉት አልወቅሳቸውም። ጽሑፍ ይበዛበታል። ግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶግራፎችም የጥንት ናቸው፤ የተነሡት ሰዎች እንዴት እንደሚቆም አያውቁም፤ አንዱ እጁ እግሩ ጋር ታስሯል፣ ሌላው ግንድ ተሸክሟል። ስልክ የያዘ ሰው ከእነርሱ የሚቀስመው ትምህርት የለም።

ይልቅ ሥዕሎቹ ሀገር ቤት ደረሱ። በክቡ ላይ የተነሡት ሥር «በታሪክ መካከል» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። በቦታ ደረጃ ስሕተት የለበትም። አክስታቸው «የኔ ዓለም፣ ወፍረሻል» ብለው ለባለቤታቸው ጻፉ። የሥራ ባልደረባ የሆቴሉን ዋጋ ጠየቀ። አንድ ጎረምሳ የወንድማቸው ልጅ «እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው?» ብሎ ቢጠይቅ አራት ሰው በሳቅ መለሰለት። ጎብኚያችንም ታሪክ አዋቂ ናቸውና «ድሮ እዚያ የነበሩ ሰዎች» ሲሉ አብራሩ።

ከሰዓት በኋላ ቅመም ወደሚበቅልበት እርሻ ጉብኝት ነበረ። ጎብኚያችን ከቅርንፉዱ ዛፍ ሥር ቆመው አየሩን በረጅሙ ሳቡና «እንዴት ያለ ገነት ነው!» አሉ። ለሻይ የሚሆን አንድ ከረጢት ቅርንፉድም ገዙ፤ ለቃሚው የጠራውን ዋጋ ግን ከግማሽ በታች አስቀነሱት። በክርክር ማን ይችላቸዋል!