ማስተካከያ፦ ከፖሊስ ወረቀት በፊት ሆስፒታል

ባለፈው እዚህ ጅማ ተደፍራ የመጣችን ልጅ ስለመርዳት ስጽፍ «መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሄዳችሁ ወረቀት አውጡ» ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ ይቅርታ። መጀመሪያ ሆስፒታል ነው። ኤችአይቪ መከላከያው መድሀኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፣ ከዛ ለ28 ቀን ይዋጣል፣ እና ልጅቷ ቅዳሜ ማታ ከቆጪ ሰፈር ተነስታ ወረቀት ፍለጋ ስትንከራተት ሰዓቱ ይሄድባታል (ስራዬ ሆኖ እንዴት እንደዛ እንደጻፍኩ ለኔም ገርሞኛል)። የህክምና ማስረጃውን ፖሊስ በኋላም በደብዳቤ ይጠይቃል።

ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው ደሞ እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል፣ 72 ብቻ አይደለም። ልብሷን በፌስታል ያዙ ያልኩትም ይሰረዝ፣ እርጥበቱ ታፍኖ ማስረጃውን ያበላሸዋል፣ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ነው የሚያዘው።