ድሬዳዋ ስንት ጊዜ ተወለደች?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ «ጥናት» ሲቀርብ ሰምቼ ለኢንተርኔት አጥኚዎቻችን እስካሁን ሐውልት አለማቆማችን አሳፈረኝ። የድሮ ሰው ስለ ከተማው ሊጽፍ ሲነሣ ሽማግሌ ይጠይቅ፣ መዝገብ ያገላብጥ፣ ዓይኑን ያጠፋ ነበር። የዛሬው ሊቅ ቡናው ሳይፈላ ይጨርሳል። መፈለጊያው ከላይ ያመጣለትን ይቀዳል። ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ከየት አገኘው እያለ ሰው አይነዘንዝም። ጨዋ አስተዳደግ ማለት እንዲህ ነው።

ለምሳሌ የከተማችንን ልደት እንውሰድ። እኛ ያልተማርነው የምናውቀው፣ ባቡሩን ሐረር ተራራ ላይ ማውጣት ስለከበደ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ እንደደረሰ፣ ከተማዋም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» እንደተባለች ነው። እ.ኤ.አ. 1902 መሆኑ ነው። አንዱ ሊቅ ይህን 1902 አገኘና «ዓ.ም.» ጨመረበት። ሁለተኛው ጠንቃቃ ነው፤ ወደ ፈረንጅ ዘመን ልመልሰው ብሎ ስምንት ደመረና 1910 አደረሰው። ሦስተኛው ከሁለተኛውም ይጠነቀቃል፤ 1910 ምልክት ስላልነበረው የእኛ ዘመን መስሎት ሰባት ደመረ። 1917! ሰሞኑን በሰፊ ስክሪን ላይ የታየን ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. 1917 ደግሞ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው። እንግዲህ ባቡሩ ለዓመታት ተሳፋሪ ሲያራግፍ የኖረው በሌለች ከተማ ነው። የጣቢያው ሠራተኛ ሐዲድ ተንተርሶ ያድር ነበር። የጅቡቲው ነጋዴም ዕቃ ሲልክ «ወደፊት ለምትቆረቆረው ከተማ» ብሎ አድራሻ ይጽፍ ነበር። ሌሎች ሦስት ጠንቃቆች ቢጨመሩና ስምንት ስምንት ቢደምሩማ 1941 እንገባለን፤ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. የያዘውም ባዶ ሜዳ ይሆናል።

ምንጭ የለውም እንዳትሉ። ስድስት አድራሻ ተደርድሯል። አምስቱ ቃል በቃል ከስድስተኛው የተቀዱ ናቸው፤ ስድስተኛው አይከፈትም። ስድስት ምስክር ቆጥሮ የሚረካ ሰው ስድስቱም የሰሙት ከአንድ አፍ መሆኑን ለምን ይጠይቃል?

ቀን ሲሳሳት እስቃለሁ። ደመና በጠቆረ ቁጥር በ1998 ዓ.ም. የደረሰውን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ፎቶግራፍ አውጥቶ «አሁን የደረሰን» እያለ የሚለጥፈው ሰው ግን አያስቀኝም። ያ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ቤተሰቡን የቀበረ ሰው እዚሁ ከተማ፣ ያው ወንዝ ዳር ይኖራል፤ ስልክ አለው፤ ፎቶውን ያየዋል። አሮጌ ምስል መሆኑን በምስል መፈለጊያ ማጣራት ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ለዚያች ደቂቃ ሰንፈህ እናት ልጆቿን አቅፋ በውድቅት ሌሊት እንድትሮጥ ታደርጋለህ? ነውር ነው!

ይቅርታ፣ ምስጋናዬን አቋረጥኩ። ሐረርም ሊቅ አላጣችም። ጁገል ውስጥ «የራምቦ ቤት» የሚባለውን ውብ ቤት ፎቶ አንሥቶ «ባለቅኔው በዚህ መስኮት ሥር ተቀምጦ ግጥም ይጽፍ ነበር» የሚል ሰው ሞልቷል። ፈረንሳዊው ራምቦ ሐረር ሲገባ ግጥም መጻፍ ካቆመ ዓመታት አልፈውት ነጋዴ ሆኗል። የሞተው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ቤቱን የሠራው ደግሞ ከእርሱ ሞት በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ከሞተ በኋላ በተሠራ ቤት ውስጥ፣ በሕይወት ሳለ የተወውን ግጥም የሚጽፍ ባለቅኔ ለሐረር የሰጡልን እነዚሁ ሊቆች ናቸው፤ ፈረንሳይ እንኳ እንዲህ ያለ የላትም።