ራኒየሪን የሸኙበት 65ኛው ደቂቃ

አሰልጣኝ ሩድ ቫን ኒስትሮይ ከእንግሊዙ ክለብ ከሌስተር ሲቲ ጋር ተለያየ የሚለው ዜና የደረሰኝ ሥራ ቦታ፣ የሻይ እረፍት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 2025 ማለቂያ ላይ። (የእንግሊዙን በፈረንጅ፣ የአገር ቤቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የምኖረው እዚሁ ሌስተር ነው፣ የምሠራውም ምግብ የሚታሸግበት ፋብሪካ ውስጥ ነው። አጠገቤ የሚሠራ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሌስተር ደጋፊ ነው። የድሮው ፊልበርት ስትሪት ሜዳ ሳይፈርስ ከአባቱ ጋር ይገባ እንደነበር ስንት ጊዜ ነግሮኛል። ዜናውን ስልኩ ላይ አየት አደረገና "ምስኪን፣ ክፉ ሰው አልነበረም" አለ። ሻዩን ጨርሶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ይኸው ነው። ስድብ የለ፣ እሰይ የለ።

መናደድ ቢፈልግ ምክንያት ነበረው። ቡድኑ በዚያ ዓመት በገዛ ሜዳው ዘጠኝ የሊግ ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል፣ በዘጠኙም አንድ ጎል አላገባም። ዘጠነኛው በሊቨርፑል 1 ለ 0 የተሸነፈበት የፋሲካ እሑድ ነው፣ አምስት ጨዋታ እየቀረ ወደ ታችኛው ሊግ መውረዱ የተረጋገጠውም ያን ቀን ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ወረደ። ሽማግሌው በእነዚያ ጨዋታዎች ሁሉ ስታዲየም ገብቷል። ሰኞ ሰኞ ፊቱን አይቼ ውጤቱን አውቅ ነበር፣ መጠየቅም አያስፈልገኝም።

ግን እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስለ ቫን ኒስትሮይ አይደለም። የሽማግሌው አነጋገር ከስምንት ዓመት በፊት የሆነ ነገር አስታወሰኝ። እዚህ አገር ስኖር ካየኋቸው ነገሮች አንዱ ከልቤ ያልወጣ ነው፣ ከዚያ ወዲህም አገር ቤት ያለውን ነገር ሳስብ ሁልጊዜ ከእሱ ጋር አስተያየዋለሁ።

ክላውዲዮ ራኒየሪን የማያውቅ ካለ ባጭሩ ልንገረው። ጣሊያናዊ አሰልጣኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ክረምት ወደ ሌስተር ሲመጣ ብዙ ሰው ፊቱን አዙሮበታል። ከዚያ በፊት የግሪክ ብሔራዊ ቡድንን ይዞ በሜዳው በፋሮ ደሴቶች ተሸንፎ የተባረረ ሰው ነው። ሌስተርም የዚያን ዓመት ከመውረድ የተረፈው ለጥቂት ነበር። አወራራጆቹ ሌስተር ዋንጫ ይበላል ላለ ሰው 5000 ለ 1 ነበር የሚከፍሉት። እና በላ። ከ38 ጨዋታ የተሸነፈው ሦስቱን ብቻ ነው። በ81 ነጥብ፣ ሁለተኛውን አርሰናልን በአሥር ነጥብ በልጦ። ከዝቅተኛ ሊጎች የመጣው ቫርዲ፣ ማንም የማያውቀው ማህሬዝ፣ ሮጦ የማይደክመው ካንቴ። ያን ሜይ ይህች ከተማ ምን እንደነበረች ያላየ ሰው አያምነኝም። ናርቦሮ መንገድ ላይ ሕንዱ፣ ፖላንዱ፣ ሶማሌው፣ እኛም ሐበሾቹ፣ የማንተዋወቅ ሰዎች ተቃቅፈናል። ስደተኛ ሆኜ ያን ያህል የከተማዬ ሰው ነኝ ያልኩበት ሌላ ቀን የለም።

ዘጠኝ ወር አለፈ። ካንቴ ቼልሲ ገብቷል፣ ቡድኑ አልሆንለት አለ። 2017 ከገባ በሊጉ አንድ ጎል አላገባም፣ አምስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል፣ ከመውረጃው ቀጠና የሚለየው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ፌብሩዋሪ 22 በሻምፒዮንስ ሊግ ሲቪያ ሜዳ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ከስፔን በተመለሱ ማግስት ራኒየሪ ተባረረ። ፊፋ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ብሎ ከሸለመው ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ሰውየው በመግለጫው "ትናንት ሕልሜ ሞተ" አለ። ያኔ የማንቸስተር ዩናይትድ አሰልጣኝ የነበረው ጆዜ ሞሪንሆ የራኒየሪን ስም መነሻ ፊደላት ሸሚዙ ላይ አስጽፎ መግለጫ ለመስጠት ወጣ። የሌስተሩ ልጅ፣ የድሮው አጥቂ ጋሪ ሊንከር አለቀስኩ አለ።

ፋብሪካችን ግን ለሁለት ተከፈለ። ይኼ ነው ያስገረመኝ። እኔ ሐበሻ ነኝና ወዲያው ወደ ውለታ ነው የሄድኩት፣ "ዋንጫ ያመጣላችሁን ሰው እንዴት ታባርራላችሁ?" አልኩ። ሽማግሌው ግን መባረሩን ደገፈ። ሴት ልጁ በጨዋታ ቀን ስታዲየም ውስጥ ምግብ ትሸጣለች። "ክለቡ ከወረደ ገቢው ይወርዳል፣ መጀመሪያ ከሥራ የሚቀነሱት እንደ ልጄ ያሉት ናቸው" አለኝ። ተናደድኩበት። ከዳተኛ መሰለኝ፣ ሁለት ቀን ያህልም በወጉ አላነጋገርኩትም።

በሦስተኛው ቀን መጣና ሰኞ ማታ ከሊቨርፑል ጋር ላለው ጨዋታ የሚስቱን ትኬት ሰጠኝ፣ እሷ አሟት ነበር። አብረን ገባን። ብርድ ነው። ሽማግሌው አንገቱ ላይ የጠመጠማት ሰማያዊ ስካርፍ ጫፏ ተተልትሏል፣ ቀለሟም ከመታጠብ ብዛት ግራጫ ሆኗል። ከፊታችን የራኒየሪን ፊት ጭምብል አድርገው የመጡ ልጆች ተደርድረዋል። ጨዋታው ተጀመረ፣ ተጫዋቾቹ ደግሞ እንደ አምናው መሮጥ ጀመሩ። ቫርዲ አገባ። ድሪንክዋተር ከሩቅ መታ፣ ገባ። ቫርዲ ደገመ። 3 ለ 1 አለቀ። በጎሎቹ እየጨፈርኩ ውስጤ ግን ይቃጠል ነበር፣ ይኼ ሩጫ ያለፈው ሳምንት የት ነበር? ከጀርባችን አንድ ሰውዬም ይህንኑ እየጮኸ ይጠይቅ ነበር። መልስ የሰጠው የለም።

65ኛው ደቂቃ ላይ ሽማግሌው ጎኔን ነካ አደረገኝና "ስልክህን አውጣ፣ መብራቱን አብራ" አለኝ። ራኒየሪ 65 ዓመቱ ነበር። ቀና ስል ስታዲየሙ በሙሉ በትንንሽ መብራት ተሞልቷል። ስሙን እየጠሩ ይዘፍናሉ። መባረሩን የተቃወመው ይዘፍናል፣ የደገፈው ይዘፍናል። ሽማግሌው የእጅ ጓንቱን በጥርሱ ይዞ፣ በሁለት እጁ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ እንባው ይወርዳል። መሄድ አለበት ያለው እሱ ነው! ዛሬ ደግሞ እያለቀሰ የሚሸኘው እሱ ነው። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ለእሱ ሁለቱ አይጣሉም። ሰውየው ከወንበሩ መነሳቱ አንድ ነገር ነው፣ ምስጋናው ሌላ ነገር ነው። አንዱን ለመፈጸም ሌላውን ማፍረስ የለበትም።

ወደ አገር ቤት ልመለስ። እኛ ጋ ሰው ከወንበሩ ከመነሳቱ በፊት መጀመሪያ መርከስ አለበት። ድሮም አያውቅም፣ ዕድለኛ ስለሆነ ነው፣ ተጫዋቾቹ ናቸው እንጂ እሱ ምን ሠራ እንላለን። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚለውን ተረት የፈጠርነው እኛው ነን፣ ምሳሩን የምናነሳውም እኛው። በእግር ኳስ ብቻ አይደለም፣ በመሥሪያ ቤትም በማኅበርም ያው ነው፣ ግን ኳሱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻውን አስቡ። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ዋንጫ 31 ዓመት ርቃ ነበር። አንድ ትውልድ ሳያይ አድጎ፣ ወልዶ፣ ልጆቹም ሳያዩ አደጉ። ጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣው ቡድን አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከሜዳ ውጪ ባገባው ጎል ብልጫ አለፈ። እኔ ያኔ እዚህ ነኝ፣ በኢንተርኔት በሚቆራረጥ ምስል ነው ያየሁት። አጎቴ ግን እዚያው ስታዲየሙ ውስጥ፣ ካታንጋ በሚባለው የደጋፊ መቀመጫ ነበሩ። ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፈው ነው የገቡት። ማታ ስደውልላቸው ድምፃቸው ተዘግቶ መናገር አቅቷቸዋል፣ ከመንገዱ የሚሰማው ጥሩምባና ጭፈራ ነው የመለሰልኝ።

ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ላይ ሄደን ከዛምቢያ አቻ ወጣን፣ በቡርኪና ፋሶ አራት ገባብን፣ በናይጄሪያ ተሸነፍን። ቢሆንም ቡድኑ አልቆመም። በዓለም ዋንጫው ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፣ በቅጣት ላይ የነበረ ተጫዋች በማሰለፉ ሦስት ነጥብ ተቀንሶበት እንኳ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ወደ ዓለም ዋንጫ ለመግባት ናይጄሪያ ብቻ ቀረችን። በኃይሉ አሰፋ አግብቶ እየመራን፣ ኤመኒኬ ሁለት አገባብን፣ ሁለተኛውም በመጨረሻው ሰዓት በፍጹም ቅጣት ምት። ካላባር ላይም 2 ለ 0 ተሸነፍን። ከወራት በኋላ ቻን ላይ (በአገራቸው ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ የሚዘጋጀው የአፍሪካ ውድድር ነው) ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ጎል ሳያገባ ተሸንፎ ሲመለስ አሰልጣኝ ሰውነት ተሰናበቱ። በቦታቸው ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ።

ልክ ነበር ወይስ ስህተት የሚለውን አልከራከርም። ሦስት ጨዋታ ያለ ጎል ተሸንፎ የተሰናበተ አሰልጣኝ ብዙ አለ፣ እንግሊዝ አገር ከዚህ ባነሰም ያባርራሉ። እኔን የሚያመኝ ከዚያ በኋላ በየታክሲውና በየካፌው ይወራ የነበረው ነው። በስልክ ከአገር ቤት ሰው ጋር ባወራሁ ቁጥር የምሰማው "ድሮም እኮ አይችልም" የሚል ነበር። ከዓመት ከጥቂት ወር በፊት አልቅሰው ስሙን የጠሩ ሰዎች ናቸው። እኔም ብሆን አዎ አዎ ብዬ ስልኩን ዘግቻለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ "ኧረ ተው፣ እኚህ ሰውዬ እኮ 31 ዓመት ያጣነውን ነው የመለሱልን" አላልኩም።

ይህን ስል ፈረንጁን ላወድስ አይደለም። ራኒየሪን የሸኘው ደጋፊው ነው። ባለቤቶቹ ያደረጉት ሒሳብ ነው፣ ከአውሮፕላን ወርዶ ሳያርፍ ነው ያባረሩት። ሒሳቡም ሠራላቸው፣ በተተኪው አሰልጣኝ በክሬግ ሼክስፒር ስር ቡድኑ ሲቪያን ጥሎ ለሻምፒዮንስ ሊጉ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ፣ በሊጉም 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። ሽማግሌው ትክክል ነበር ማለት ነው፣ ልጁም ሥራዋ ላይ ቆየች። አሰልጣኙ እዚህ ሲባረር ቢያንስ ውሉ ይከበርለታል፣ ካሳውን ይዞ ይሄዳል። አገር ቤት ግን የወራት ደሞዙ ሳይከፈለው ወደ ፌዴሬሽን የሚመላለስ አሰልጣኝና ተጫዋች ዜና ለማንም አዲስ አይደለም። ደሞዝ የተከለከለ ሰው ደግሞ ምስጋና ቢቀርበት ማን ያስብለታል?

ባለፈው እሑድ ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኳቸው። ያኔ ራኒየሪ የተባረረ ጊዜም "ያንን ጣሊያን አባረሩት አሉ?" ብለው የደወሉልኝ እሳቸው ናቸው። ስለ ስልኩ መብራት ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "ልጄ፣ እኛ የት ቆመን እናብራ?" አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት አላሟሉም ተብሎ ዋልያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር ሲጫወቱ ኖረዋል። አሰልጣኝ ሲሾም፣ አሰልጣኝ ሲሄድ፣ ካታንጋና ሚስማር ተራ ተቀምጦ የሚያየው፣ የሚሰድበውም ሆነ የሚያመሰግነው ሕዝብ አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው በስልክና በቴሌቪዥን ነው ሲያይ የኖረው። ብቻውን ቤቱ የተቀመጠ ሰው መናደድ ይችላል፣ በአንድ ደቂቃ ከ30 ሺህ ሰው ጋር ስልኩን ከፍ ማድረግ ግን አይችልም። ሌስተር ውስጥ ያን ማታ ያየሁትን ነገር ያደረገው የእንግሊዝ ጨዋነት ነው ብዬ ነበር ለዓመታት የማስበው። አጎቴ ግን ስለ ወንበሩና ስለ ጣሪያው ነው የጠየቁኝ፣ እኔም ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ እየተቀየረ ነው።

"ያኔ ግን ስታዲየሙ ነበረን" አልኳቸው ቀስ ብዬ።

"ነበረን" አሉ። ትንሽ ቆዩና "እኔም ይውጣ ብያለሁ እኮ። ከቻን ሲመለሱ። ሰፈር ውስጥ ከእኔ በላይ የጮኸ የለም" አሉኝ።

የሱዳኑን ጨዋታ ትኬት እስካሁን እንዳልጣሉት የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ዳዊታቸው ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፣ ጠዋት ጠዋት ሲደግሙ ያዩታል። ጽሑፉ ለቋል፣ የሚነበበው ቁጥሩ ብቻ ነው አሉ። ለጥምቀት ከመጣህ አሳይሃለሁ አሉኝ።